ከመቸገራችሁ በፊት የምትጠይቁትን ሰው ምረጡ

ልጆቼ፣ በአዋላጅ ነርስነት ባቲም ደሴም ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራ ዘመኔ «ጓደኛዬ» እንደሚባለው ሰው የታመመ አላየሁም። የወር አበባዋ የቀረባት ጓደኛ፣ ሽንት ሲሸና የሚያቃጥለው ጓደኛ፤ ጓደኛው ራሱ ግን አንድም ቀን አይመጣም። ይህን ብሎ የመጣ ልጅ ቢያንስ መጥቷል። የምጽፈው ላልመጡት ነው።

«ወሎ ውስጥ ስለ ወሲብና ስለ ሰውነት ጉዳይ ጨርሶ አይወራም» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ኪታብ የሚቀራ ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) የሐይድን (የወር አበባን) እና የጀናባን (ከግንኙነት ወይም ከዘር መፍሰስ በኋላ ትጥበት የሚያስፈልግበትን ሁኔታ) ነገር ከሸኹ አፍ በግልጽ ይማራል። የክርስቲያን ልጅም የወር አበባዋ ሲመጣ ቤተ መቅደስ እንደማይገባ ከእናቷ ትሰማለች። ሃይማኖታችሁን የሚያቃልል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። ነገር ግን ይህ ትምህርት መቼ መታጠብ፣ መቼ መስገድ፣ የት መቆም እንደሚገባ ይነግራል እንጂ ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ አይነግርም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወር አበባ ቀን መዛባቱ የተለመደ መሆኑን፣ ወንዱ ልጅ ሌሊት በሕልሙ የዘር ፈሳሽ ቢፈስሰው በሽታ አለመሆኑን የሚነግራቸው ስለማያገኙ ስንቶች በከንቱ ሲጨነቁ አይቻለሁ።

የቀረውን ማን ይነግራቸዋል? አንዱ ስልክ ነው። የወሲብ ፊልም ለገበያ የሚሠራ ትርኢት ነው፤ ፈቃድ መጠየቅ፣ ማርገዝ፣ መታመም እዚያ ውስጥ የሉም። ሌላው እኩያ ነው። «የመጀመሪያ ቀን ከሆነ አይረገዝም» የሚለውን ወሬ ከእናቶቻችሁ ዘመን ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ሐሰት ነው። የወንድ ዘር በሴት ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ዑደቷ ገና ላልተስተካከለ ልጅ ቀን መቁጠርም መተማመኛ አይሆንም። የቡናው ወሬም አለ። በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር «ያመክናል» የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ቤት ለቤት ዞረ። ክትባቱ አያመክንም። ሊያመክን የሚችለው ሳይታከም የቆየ ጨብጥ ነው፤ ሴቷ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ስለዚህ ያቃጠለው ልጅ ሳይመረመር ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ ቢውጥ፣ እርሱ ዳንኩ ሲል እርሷ ታማ ትቀራለች።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የሰኞን ነገር ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ስለሆነ የገጠር ልጅ «ምን ልትሠሪ ወጣሽ?» ሳትባል ከተማ ትገባለች። አንዷ ቅቤዋን ሸጣ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ወረፋ ያዘች። ካርድ ክፍል «ምንሽን ነው?» ስትባል ከኋላዋ የቆመችው የሰፈሯ ሴት ነበረችና «ራሴን» አለች። እኔም ጋ ገብታ «ራሴን» አለች። በሩን ዘግቼ ዝም ብዬ ስቆይ ነው የተናገረችው። ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ነው፤ የገበያውን ቀን ስትጠብቅ ስድስተኛ ቀኗን ይዛ መጣች።

ለምን ቀኑን እንደቆጠርኩ ልንገራችሁ። «ፖስት ፒል» የምትሉት ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ነው የሚበጀው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። የተጸነሰን አያቋርጥም፤ ከአባላዘር በሽታም አይከላከልም። ለኤችአይቪ ተጋልጣችሁ ከሆነ የሚሰጠው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ነው። ተገድዳችሁ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ገላችሁንም ልብሳችሁንም ሳታጥቡ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ለመድኃኒቶቹ ዋናው ጊዜ ሦስት ቀን ነው፤ ሦስት ቀን ደግሞ «ለማን ልናገር?» እየተባለ የሚያልቅ ነው።

ስለዚህ ምንም ሳይደርስባችሁ፣ ዛሬ፣ የምትጠይቁትን ሰው ምረጡ። አክስት ልትሆን ትችላለች፤ የማትቆጣ ሳይሆን ከተቆጣች በኋላም አብራችሁ የምትሄደዋን ምረጡ። የባዮሎጂ መምህርም ይሆናል። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩ ናት፤ ግን ከእናታችሁ ጋር ቡና የምትጠጣ ጎረቤት ስለሆነች ብትፈሯት አልፈርድባችሁም። ያኔ የማትታወቁበት ከተማ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካርድ ክፍል ሕመማችሁን መዘርዘር አይጠበቅባችሁም፤ «ባለሙያ ለብቻዬ ማነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። የነገራችሁትን ምስጢር መጠበቅ የባለሙያው ግዴታ ነው። የሚያመናጭቅ ከገጠማችሁ፣ አሉና አልዋሽም፣ ወደ ቤት አትመለሱ፤ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ፤ ቀን ካልተሳካላችሁ የማታ ተረኛ አለ።