ባጃጁ የት ሄደ? የምሽት ፎቶ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ስለ ምሽት ፎቶ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ዘነበ። ባለሙያ እንዳልሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት እሸጣለሁ፤ ማታ ማታ ካሜራዬን አንግቼ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሠርግ አላነሳም፣ ስቱዲዮም የለኝም። የምመልሰው እጄ ላይ ተበላሽቶ ያየሁትን ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማታ የማነሳው ሁሉ ይደበዝዛል። ካሜራዬ አሮጌ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ካሜራውን ተወው። መጀመሪያ ምን እንደደበዘዘ እይ። ግንቡም ምሰሶውም ሰዉም ከደበዘዘ እጅህ ነው። ግንቡ ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ከደበዘዘ፣ ሰውየው ተንቀሳቅሷል። ሰውየው ደብዝዞ ከኋላው ያለው ዛፍ ከጠራ ደግሞ ፎከስህ ስቷል። ሦስት የተለያየ በሽታ ነው፤ ለሦስቱ አንድ ክኒን የለም።

ለእጅ መንቀጥቀጥ የቆየ ልማድ አለ። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ስታነሳ ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ከ1/50 ሰከንድ በላይ አታስረዝም። ብዙዎቻችን እንደያዝነው ትንሽ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ያለው ካሜራ ከሆነ ደግሞ 1/80 አድርገው። ማንገቻውን አንገትህ ላይ ወጥር፣ ክርንህን ከጎንህ አጣብቅ፣ ትንፋሽህን አውጣና ሦስት ጊዜ በተከታታይ አንሳ። እኔ ጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው መሐለኛው ነው። የመጀመሪያው ላይ ጣቴ ገና እየተጫነ ነው።

ሰውየው ከተንቀሳቀሰ ወይ ሻተሩን አፍጥነው፣ ወይ “አንዴ ቀጥ በልልኝ” በለው። ፎከስ ከሳተ የካሜራውን ስክሪን ከፍተህ ሩቅ ያለ መብራት ላይ አጉላና ቀለበቱን በእጅህ እያዞርክ አስተካክል። መብራቱ ትንሽ ነጥብ ሲሆን ቆመ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) መግዛት አልችልም። ያለኝም ስልክ ብቻ ነው። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እንጂ! አንድ ኪሎ ምስር በወፍራም ካልሲ ውስጥ ቋጥሪ። ድንጋይ ላይ፣ አጥር ላይ፣ የባጃጅ ጣሪያ ላይ አስቀምጪው፤ ስልኩን ደግሞ እሱ ላይ ቅበሪው። ምስሩ የስልኩን ቅርፅ ይይዛል። እኔ ውድ ትራይፖድ ከገዛሁ በኋላም ካልሲዋን አልጣልኳትም። አንድ ጊዜ ብቻ ባለቤቴ ወጥ ሠራችባት።

ስልክሽ ላይ “ፕሮ” የሚል ካለ ግቢና ሻተሩን 2 ወይም 4 ሰከንድ አድርጊው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100። ከዚያ የ3 ሰከንድ ቆጣሪ ሙዪ፤ ስክሪኑን የነካሽበት ንዝረት እስኪያልፍ ነው። ባለ ገመድ ኢርፎን ካለሽ የድምፅ መጨመሪያው ብዙ ስልክ ላይ ያነሳል። የስልኩ “ናይት ሞድ” ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ፎቶ አንስቶ ይደራርባል። ለቆመ ነገር ግሩም ነው፤ የሚሄድ መብራት ላይ መስመሩን ሊቆራርጠው ይችላል።

ጥያቄ፦ አይኤስኦ እስከ ስንት ልሂድ? ጓደኛዬ ከ800 በላይ ፎቶ ያበላሻል ይላል።

መልስ፦ ጓደኛህ የድሮ ካሜራ ይዞ ነው ያንን የተማረው። ጥራጥሬ (አይኤስኦ ሲጨምር የሚመጣው ነጠብጣብ) የበዛበት ፎቶ ከደበዘዘ ይሻላል። ጥራጥሬውን ቤት ገብተህ ትቀንሰዋለህ፤ የተንቀጠቀጠውን ማንም አያድነውም። ካሜራው መቆሚያ ላይ ካለና ነገሩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን 100 ላይ ተው። እዚያ ላይ መጨመር ያለ ምክንያት ማበላሸት ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራዬ ላይ ያለው 18-55 ነው። አዲስ ሌንስ ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብ ካለህ ያገለገለ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ያንተ ሌንስ ሙሉ ሲጎላ ኤፍ 5.6 ነው። ልዩነቱ ወደ አሥር እጥፍ ብርሃን ይጠጋል። አንድ ሰከንድ የሚፈልገው ፎቶ በ1/10 ያልቃል ማለት ነው። ስትገዛ ሌንሱን በስልክ ባትሪ አብርተህ ውስጡን እይ። እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ በነጻም ቢሰጡህ አትቀበል።

ጥያቄ፦ ሐይቁን ለማንሳት ስንት ሰዓት ልሂድ? ስሄድ ወይ ፀሐይ ነው ወይ ድፍን ጨለማ።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ እኛ ጋ መሐሉ አጭር ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። እንደ አውሮፓ በጋ እየተንሸራተተች አታመሽም። ሐዋሳ ላይ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 12፡50 ገደማ ትጠልቃለች። ሰማዩ ደማቅ ሰማያዊ የሚሆንባት ሰዓት ከጠለቀች ከ10 ደቂቃ በኋላ ጀምራ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ ነች።

ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦታህን ይዘህ፣ ካሜራህን ተክለህ፣ ቡናህን ጠጥተህ ጠብቅ። ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ዳርቻ ሆነህ ስታይ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ነው የምትገባው። ሰው ሁሉ እሷን አንስቶ ይሄዳል። አንተ ቆይ። ታቦር ተራራ ላይ ከሆንክ ደግሞ ወደ ከተማው ዙር፤ የመንገዱ መብራት ሲበራ ሰማዩ ገና ቀለም አለው። ሁለቱ ብርሃን እኩል የሚሆኑባት ጥቂት ደቂቃ አለች። ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ ከ4 ሰከንድ ጀምር። በየሦስት ደቂቃው ጨምር፤ እየጨለመ ነው።

ንጋት ላይ አሞራ ገደልን፣ የዓሣ ገበያውን፣ አትርሱ። ውኃው የሚረጋው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት ንፋስ ይነሳል። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ሲጎትቱ በ1/8 ሰከንድ አንሱ። ጀልባው ይታያል፣ መረቡን የሚያራግፈው እጅ ጭስ ይመስላል።

ጥያቄ፦ አባ ኮዳን በዚያ ሰዓት ማንሳት ይቻላል? ወፍ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ከሰው ሁሉ የተሻለ ሞዴል እሱ ነው። የዓሣ አንጀት እስኪጣልለት ድረስ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በ1/4 ሰከንድ ጥርት ብሎ ወጥቶልኛል። ዙሪያውን የሚሯሯጡት ልጆች ግን ጥላ ሆነው ቀርተዋል። የምወደው ፎቶዬ ነው።

ጥያቄ፦ ካፌ ውስጥ ሳነሳ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይወጣል። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። አንዳንድ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን አይለየውም፤ ፈጣን ሻተር ግን ይይዘዋል። 1/100 ወይም 1/50 ላይ አድርጊው፣ መስመሩ ይጠፋል። ርካሽ ኤልኢዲ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ያኔ ወንበር ቀይሪ።

ጥያቄ፦ በቀን ሐይቁን እንደ ጉም ማድረግ እፈልጋለሁ። ጥቁሩን ማጣሪያ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ኤንዲ የሚባለው ማጣሪያ ነው፤ ለሌንስ የፀሐይ መነጽር በለው። ባለ 10 ደረጃው ብርሃኑን ወደ ሺህ እጥፍ ይቀንሳል። 1/30 ሰከንድ የነበረው 30 ሰከንድ ይሆናል። ሞገዱ ለስልሶ ሐይቁ ወተት ይመስላል።

እኔ ከማግኘቴ በፊት የብየዳ መስታወት ተጠቅሜያለሁ። ከብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ ገዝቼ በላስቲክ ሌንሱ ላይ አሰርኩት። ሁሉም ነገር ጎመን የመሰለ አረንጓዴ ሆነ። ጥቁርና ነጭ ሳደርገው ግን ሰው “በምን አነሳኸው?” ብሎ ጠየቀኝ። ካሜራውን በቀጥታ ወደ ፀሐይ አታዙሩ፣ በዓይንም በእሱ ፀሐይ አትዩ። ፎከስ ደግሞ መስታወቱን ከማሰራችሁ በፊት ጨርሱ፤ ከታሰረ በኋላ ምንም አይታይም።

ጥያቄ፦ ኮከብስ?

መልስ፦ መብራት ሲጠፋ! ሁላችንም የምናማርርበት ሰዓት ለዚህ ሥራ በረከት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ሰማዩ ሲወጣ ካሜራዬን ይዤ ጣሪያ ላይ ነኝ።

ኮከብ እንደ ነጥብ እንዲወጣ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍል። ትንሽ ሴንሰር ላይ 18 ሚሊሜትሩ እንደ 27 ስለሚቆጠር 18 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ጭራ ያወጣል። አይኤስኦ 3200፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ክፈት። ፍኖተ ሐሊብ (ሰማዩን አቋርጦ የሚታየው የከዋክብት ጎዳና) ደማቁ ክፍሉ ከየካቲት ጀምሮ ሊነጋ ሲል በደቡብ ምሥራቅ ይወጣል። ክረምት ላይ ማታውኑ ከላይ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ደመናው አያሳይም።

ጭራውን ከፈለግክ ደግሞ ወደ ሰሜን አዙር። ሐዋሳ 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች፤ ክንድህን ዘርግተህ አራት ጣት ያህል። ዛፍ ወይም ቤት ይሸፍናታል። ስለዚህ ክቡ ሙሉ አይሆንም፣ ከመሬት የወጣ ቀስተ ደመና ነው የሚመስለው። እኔ እንደዚያ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ የያዙ እናቶችን ማንሳት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ፍላሽ በፍጹም። ኤፍ 1.8፣ አይኤስኦ 1600፣ 1/60። ጧፉ ፊታቸው አጠገብ ሲሆን ይበቃል። አስቀድመህ አስፈቅድ፣ የካሜራውን ድምፅ አጥፋ፣ ሁለት ሦስት አንስተህ ካሜራውን አውርድ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፤ ማታ ብቻዬን ሐይቅ ዳር መሄድ ያስፈራኛል። አንተ ምን ታደርጋለህ?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ እኔም ብቻዬን አልሄድም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ዙሪያውን ይይ። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ዓይኑ አንድ ቦታ ተተክሎ ጀርባው ክፍት ነው። ሰው ያለበትን መንገድ ምረጪ። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ጥበቃ ያለበት ግቢ ፊት ትራይፖድ ከመትከልሽ በፊት ጠይቂ፤ ጨለማ ውስጥ ባለ ሦስት እግር ነገር ዘበኛውን ያስደነግጠዋል።

ሰው ብቻ አይደለም የሚያስፈራው። ሐይቁ ጉማሬ አለው፤ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ደግሞ ማታ ነው። ሸንበቆና ሣር ያለበት ዳርቻ ላይ ጨለማ ውስጥ አትቀመጡ። የወባ ትንኝም አለ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ይኼን እንደ ፋርማሲስት ነው የምላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። አንተ የለጠፍከው ፎቶ ላይ መንገዱ አለ፣ ቀይ መስመር አለ፣ ባጃጁ ግን የለም። የት ሄደ?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይኼን ወደድኩት። በ1838 ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ ከመስኮቱ ሆኖ የፓሪስን ትልቅ ጎዳና አነሳ። የዚያን ዘመን ካሜራ ደቂቃዎች ይፈልግ ነበር። ጎዳናው በሠረገላና በእግረኛ የተሞላ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ባዶ ነው። ማንም አንድ ቦታ ስላልቆየ ማንም አልተቀረጸም። ጥግ ላይ አንድ ሰው ብቻ ጎልቶ ይታያል። እግሩን አንስቶ ቆሟል። ጫማውን እያስጠረገ ነበር ይባላል። ፎቶ ላይ በመውጣት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የሊስትሮ ደንበኛ ነው!

ያንተም ባጃጅ እንደ ሠረገላው ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ ሻተሩ ክፍት በሚሆንበት 8 ሰከንድ ውስጥ ከ60 ሜትር በላይ ታልፋለህ። ካሜራው አንተን ሊይዝ ጊዜ የለውም። መብራትህ ግን ደማቅ ስለሆነ ያለፈበትን ሁሉ ይቀባል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ።

ያንን ፎቶ ለማግኘት ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል። አንደኛው ማታ የትራይፖዱ እግር ለስላሳ አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ሰጠመ፤ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ማታ ካሜራው ውስጥ ያለውን የጥራጥሬ ማጥፊያ ሳላጠፋ ቀረሁ። እሱ ከበራ ካነሳህ በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ጨለማ ፎቶ ይወስዳል፤ 15 ሰከንድ ካነሳህ ሌላ 15 ሰከንድ ትጠብቃለህ። እኔ ቆሜ ስጠብቅ ዙሪያውን በሰማያዊና በአረንጓዴ አምፖል ያስጌጠ ባጃጅ ፊቴ አለፈ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አንተን ራስህን እንድትታይ ከፈለግክ ሌላ ዘዴ አለ። 1/20 ሰከንድ አድርጌ ካሜራውን ከአንተ ጋር እኩል አዞራለሁ። ባጃጁ ጠርቶ ከተማው ይሮጣል። ከአሥሩ አንዱ ቢሳካ ነው።

ቅዳሜ ማታ 12፡40 ገብርኤል ፊት ለፊት እቆማለሁ፣ የምስር ካልሲዬን ታያለህ። አምስት ጊዜ ተመላለስልኝ። ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። ፍጥነትህን ብቻ አትቀያይር፤ ተሳፋሪ እጁን ቢያነሳም አትቁም።