ፈገግ አለ ወይስ ሣቅ አለ?

ጥያቄ፦ አንድ የእንግሊዝኛ አጭር ልብ ወለድ እየተረጎምኩ ነው። «ቸክል» (chuckle) ያለውን ሁሉ «ፈገግ አለ» ብዬ ጻፍኩት። ጓደኛዬ ተሳስተሃል አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛህ። ፈገግታ ድምፅ የለውም፤ የከንፈርና የጥርስ ጉዳይ ነው። ቸክል ግን ቀስ ያለ ሣቅ ነው፤ ጮክ አይልም እንጂ ይሰማል።

ቃሉ የመጣው ከዶሮ ነው። ቸክ የዶሮ ድምፅ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ል» ድርጊቱ ትንሽ ትንሽ እያለ መደጋገሙን ታሳያለች። የሚገርመው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ቃሉ ብቅ ሲል በኃይል መሣቅ ማለት ነበር። ረገብ ያለው ኋላ ነው። የኛም ዶሮ እንቁላል ጥላ ታስካካለች፣ ሰውም ያስካካል፤ የኛው ግን እስከ ዛሬ ድምፁን አልቀነሰም። ቾርትል (chortle) የሚባለውን የሣቅ ቃልማ እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ ቸክልን በአፍንጫ ፉር ከማለት ጋር አዳቅሎ ፈጠረው። ስኒከር (snicker) የሚባል ሣቅ ሲገጥምህ ተጠንቀቅ፤ ፌዝ አለበት። «በሽሙጥ ሣቀ» በለው።

«አማርኛ ለትንሽ ሣቅ ቃል የለውም» የሚሉ አሉ። «ሣቅ አለ» የት ሄዶ ነው? ሰበር አለና ስብር አለ አንድ ናቸው እንዴ? የፊተኛው ለዘብ ያደርጋል፣ የኋለኛው ያጠነክራል። «ሣቅ አለ» ከፊተኛው ወገን ነው። ቸክልን ልክክ አድርጎ ይይዘዋል። ድምፁ ከውስጥ ካልወጣ ደግሞ «በሆዱ ሣቀ» አለልህ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ሣራ የሣቀችው በልቧ ነው።

ከነካካኸኝ አይቀር፣ ግእዙ ሠሐቀ ነው። አማርኛ ሐን ውጦ ሣን ራብዕ አድርጎ አስቀረው። ስለዚህ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። የይስሐቅም ስም ከዚሁ ከሣቅ ነው። ዕብራይስጡ ስሙን ብዙ ጊዜ ጻዴ በሚባለው ፊደሉ ይጽፈዋል፤ በትንቢተ አሞጽ ግን የንጉሡ ሠ አቻ በሆነው ፊደል ጽፎታል። እኛ ደግሞ ስሙን በእሳቱ ሰ እንጽፋለን! አልወደውም፣ ግን ማን ይሰማኛል? ግሡንም ቢሆን ጋዜጣው ሁሉ «ሳቀ» እያለ ነው። ለምዷል፣ ስሕተት ነው ብዬ አልሟገትም።

«ፈገግ አለ»ም እንደዚያው ሊሆን ነው። «‹እሺ› አለ ፈገግ ብሎ» የማይል ደራሲ ጠፍቷል፤ አንባቢም ድምፅ እየሰማበት ነው። ወጣቶቹ በስልክ «ኪኪኪ» ብለው የሚገላገሉት እንኳ ይሻላል፤ ቢያንስ ይሰማል። አንተ ግን ገና አላሳተምክም፤ ሣቅ አድርገው።