ውሃው ጠራ ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በሬሳ ወንዝ ዳር ነኝ። በበጋ በሞተር ውሃ እየሳብኩ ድንች፣ ካሮትና ሰላጣ አለማለሁ። ሁለት የወተት ላሞችም አሉኝ። ከእኔ በላይ ላለው ሰፈር የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ተሠርቶለታል። ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው። አትክልቱን ላጠጣበት? ላሞቹስ ይጠጡት?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ድንቹን ያጠጡበት። ለሰላጣውና ለካሮቱ አይሆንም። ላሞቹን ደግሞ ከቱቦው ያርቁልኝ።

ኩሬው ግን ባለውለታዎ ነው። ባይኖር ኖሮ ፍሳሹ በቀጥታ ወንዝ ይገባ ነበር። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሲበሉ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ዓሣው ያልቃል፣ ወንዙም ይሸታል። በሬሳ ጀማን፣ ጀማ ዓባይን ስለሚቀላቀል ጣጣው የእርስዎ ሰፈር ብቻ አይደለም። ማጣሪያው ያንን ግብዣ ከወንዙ አውጥቶ ኩሬ ውስጥ ያስጨርሰዋል። ብዙውን ጊዜ ኩሬዎቹ ተከታታይ ናቸው። በጥልቁ ውስጥ ከባዱ ነገር ይዘቅጣል። ቀጥሎ ባለው አረንጓዴው አልጌ ኦክስጅን ያመርታል፣ ባክቴሪያውም ሥራውን ይሠራል። አንድ ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው የመጨረሻው ደግሞ ፀሐይ ጀርሙን ትገድላለች።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። የእኛ አገር ብርድ ደግሞ ሥራውን ያዘገየዋል። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ያውቁታል፤ ባክቴሪያውም ይበርደዋል። ፍሳሹ ከበዛና ውሃው ቶሎ ቶሎ ከወጣ፣ ዓይን የማያየው ነገር አብሮ ይወጣል። በሃይላንድ ቀድተው ወደ ፀሐይ ቢያነሱት ጥርት ብሎ ይታያል። የኮሶ እንቁላል ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ 3 ወይም 4 እጅ ያህል ብቻ ነው። በምን ዓይን ያዩታል?

ላሞቹን ያርቁ ያልኩትም ለዚህ ነው። ኮሶ ያለበት ሰው እንቁላሉን ከሰገራው ጋር ያወጣል። ላሟ በውሃው ወይም በሣሩ ትወስደዋለች። እንቁላሉ በሣር ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በሆዷ ተፈልፍሎ ሥጋዋ ውስጥ ትንንሽ ከረጢት ይሠራል። እሷ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አትሆን፤ ወተቷንም ትሰጣለች። በዓል ሲመጣ ታርዳ ጥሬዋን የቆረጠ ሰው ግን ኮሶውን መልሶ ይወስዳል። እርስዎም ጥሬ ሥጋ ሳይወዱ አይቀሩም። እንግዲህ ከቱቦው በላይ ካለው ወንዝ ወይም ከጉድጓድ እየቀዱ በገንዳ ያጠጧቸው። በመውጫው ዙሪያ ያለው ሣር ቢያምርም አይልቀቁባቸው። ከኩሬው የተጠረገ ዝቃጭም እርጥቡን «ፍግ ነው» ብሎ የሚሰጥዎ ቢመጣ አይቀበሉ።

ወደ አትክልቱ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬውን ለሚበላ አትክልት የሚውል ውሃ በሊትር ከ1 በላይ የአንጀት ትል እንቁላል እንዳይኖረው ይላል። ያንን ቤተ ሙከራ እንጂ እርስዎም እኔም አናየውም። ድንች ተቀቅሎ ስለሚበላ ይሻላል። ያም ሆኖ በቦይ ያጠጡት፤ ቅጠሉ ላይ አይርጩ። ከመቆፈርዎ ሁለት ሳምንት በፊት ያቁሙ። የሞተሩን መሳቢያ ከታች ጭቃው ላይ አይጣሉት፤ እንቁላሉ የሚዘቅጠው እዚያ ነው። በባዶ ጄሪካን አስረው ያንሳፍፉት። ሲያጠጡም ቦቲ ጫማ ያድርጉ፣ ልጆቹ በባዶ እግር ቦዩ ውስጥ አይግቡ።

ዩሪያውን ደግሞ ቀነስ ያድርጉ። የዚህ ውሃ ናይትሮጅን ራሱ ማዳበሪያ ነው። ካበዙት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ከሥሩ ሲቆፍሩ ግን የሚያገኙት የዶሮ እንቁላል የምታክል ድንች ነው።

ሰላጣውን መተው ካልሆነልዎ በጉድጓድ ውሃ ያልሙት። ገበያ ሲወስዱትም «ይፍካ» ብለው ያንኑ ቦይ ውስጥ እንዳይነክሩት።