አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሯጭ ምን ዓይነት ውሻ ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለህ፤ ጠዋት ጠዋት 5 ኪሎ ሜትር ትሮጣለህ፤ በቀን 8 ሰዓት ያህል ከቤት ውጭ ነህ፤ አብሮህ የሚሮጥ ውሻ ትፈልጋለህ። ልብህ ያለው ሃስኪ ወይም ቦርደር ኮሊ ላይ ነው። ጓደኞችህ ደግሞ "ቤትህ ጠባብ ነው፣ ትንሽ ውሻ ያዝ" ይሉሃል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

አፓርታማ ውስጥ የሚያስቸግረው የውሻው ቁመት አይደለም። ትልቅ ውሻም ቢሆን ከተኛ የሚይዘው ቦታ ከአንድ ምንጣፍ አይበልጥም። የሚያስቸግረው ከውጭ ተመልሶ ማረፍ የማይችል፣ በኮሪደሩ የሰው ኮቴ በሰማ ቁጥር የሚጮህ፣ ብቻውን ሲቀር የሚረበሽ ውሻ ነው። ጃክ ራስል ቴሪየር ክብደቱ ከ8 ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ ግን ቀበሮን ከጉድጓዷ እየጮኸ እንዲያስወጣ የተራባ ስለሆነ መጮህና መቆፈር ተፈጥሮው ነው። ግሬይሃውንድ ግን 30 ኪሎ ገደማ ሆኖ፣ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት መፈትለክ እየቻለ፣ ቤት ሲገባ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ይውላል። ስለዚህ ስትመርጥ "ምን ያህል ይሮጣል?" ከማለትህ በፊት "ከሮጠ በኋላ ማረፍ ይችላል ወይ?" በል።

ሳይቤሪያን ሃስኪ የተራባው በብርድ አገር በበረዶ ላይ ጋሪ እየጎተተ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ለእሱ ማሟሟቂያ ነው። ድርብ ፀጉሩ ለሙቀት አይመችም፣ ሲረግፍም ቤቱን ያለብሰዋል። ብቻውን ሲቀር ማላዘን ይወዳል፤ ያንን ድምፅ ደግሞ ግድግዳ አያግደውም። ከማሰሪያው ከተፈታ ተጠርቶ የሚመለስ ሃስኪም ጥቂት ነው።

የቦርደር ኮሊ ችግር ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ይህ ውሻ የሚታወከው ሩጫ ስላነሰው ብቻ አይደለም። በጎችን በዓይኑ እንዲቆጣጠር፣ ትንሿን እንቅስቃሴ እንኳ ሳያመልጠው እንዲያይ ለብዙ ትውልድ ተመርጦ የተራባ ነው። ያ ንቃት ቤት ውስጥ መዋያ ሲያጣ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ጥላን፣ ከእጅ ሰዓት የሚንጸባረቅ ብርሃንን፣ ሊፍቱ ሲቆም የሚሰማውን ድምፅ ማሳደድ ይጀምራል። ጥላና ብርሃን ማሳደድ አንዴ ከሥር ከሰደደ ለማስተው በጣም ከባድ ነው። (በሌዘር ብርሃን ማጫወትን ለየትኛውም ውሻ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።) ለ8 ሰዓት ብቻውን ለሚቆይ ቤት ሁለቱንም አልመክርም፤ ለፖሊስና ለጥበቃ ሥራ የሚውለውን ቤልጂያን ማሊንዋንም ጨምረህ እርሳ። ቪዝላ ጥሩ ሯጭና የዋህ ውሻ ነው፤ ነገር ግን ከሰው ጋር የሚጣበቅ ስለሆነ ብቻውን መዋል ይከብደዋል። ቢግል በመጠኑ ቢመችም የአዳኝ ውሻ ረጅም ጩኸት አለው። ፍሬንች ቡልዶግና ሌሎች አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ለአፓርታማ ጥሩ ናቸው፤ ለሩጫ ግን አይሆኑም፤ እንደ ልብ መተንፈስ ስለማይችሉ በሙቀት ሲሮጡ ሕይወታቸው ሊያልፍ ይችላል።

ታዲያ የትኛው? በመጀመሪያ ዊፔትን እይ። የግሬይሃውንድ ታናሽ ዘመድ ነው፣ ከ10 እስከ 18 ኪሎ ይመዝናል፣ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ብዙም አይጮህም፣ ቤት ሲገባ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባና ይተኛል። ቀስ በቀስ ከተለማመደ 5 ኪሎ ሜትር ከአንተ ጋር ይሮጣል። እንከኑ የሚሸሽ ነገር ካየ ያሳድዳል፤ አጥር በሌለው ቦታ ከማሰሪያ መፍታት አደጋ ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ በቁጥቋጦ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ በብርድ ጊዜም ልብስ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ፑድል ነው፣ ትልቁም ሆነ ሚኒየቸር የሚባለው። በፀጉር አቆራረጡ ምክንያት የጌጥ ውሻ ይመስላል እንጂ ከውኃ ውስጥ አደን እያመጣ ሲሠራ የኖረ ብርቱ ውሻ ነው። ፀጉሩ ብዙም አይረግፍም፤ በምትኩ በየሁለት ቀኑ እስከ ቆዳው ድረስ ማበጠር፣ በየ6 ሳምንቱ ገደማ ማስቆረጥ ግድ ነው። ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት ሥርና ደረት ማሰሪያው በሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ ይቋጠራል፤ ላይ ላዩን ብቻ የሚያበጥር ሰው ቋጠሮውን የሚያገኘው ቆዳው ከቀላ በኋላ ነው።

ላብራዶርና ኮከር ስፓኒየልም ይሆናሉ፤ ግን በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ውሻ እንዳለ እወቅ። ለአደን ሥራ የሚራባው ዘር ቀጠን ያለና የማይደክም ነው፤ ለውድድር ትርኢት የሚራባው ሞላ ያለና የተረጋጋ ነው። ለአፓርታማ ሁለተኛውን ፈልግ። የዝርያው ስም ይህን አይነግርህም፤ እናትና አባቱ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ጠይቅ።

ከሁሉም በላይ የምመክርህ ግን ዝርያ አይደለም። ዕድሜው ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆነ፣ ከ12 እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን፣ በሰው ቤት የቆየ ክልስ ውሻ ፈልግ። ጠባዩ ወጥቷል፣ ጉልበቱ ይታያል፣ የምትወስደው የምታየውን ነው። የቡችላ ጠባይ ግን ግምት ነው። በዚያ ላይ ቡችላ በቀን ሽንቱን መያዝ የሚችለው በወር ዕድሜው ላይ አንድ ቢደመር በሚገኘው ሰዓት ያህል ነው፤ የ3 ወር ቡችላ ቢበዛ ወደ 4 ሰዓት ማለት ነው። ሊፍት እስኪመጣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚጠብቅ ቡችላ ኮሪደሩ ላይ መሽናት ይለምዳል። ለሩጫም ቢሆን አጥንቱ አድጎ እስኪያበቃ ድረስ፣ እንደ መጠኑ ከአንድ ዓመት እስከ 18 ወር ገደማ፣ በጠንካራ መሬት ላይ ረጅም ርቀት ማስሮጥ መገጣጠሚያውን ይጎዳል። የሩጫ ጓደኛ ዛሬ ከፈለግህ ጎልማሳ ውሻ ውሰድ።

ልታየው ስትሄድ "ጨዋ ነው?" ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም አዎ ይልሃል። "በር ሲንኳኳ ምን ያደርጋል? ብቻውን ስንት ሰዓት ቆይቶ ያውቃል? ያኔ በቪዲዮ ቀርጻችሁታል?" በል። ከዚያ ለ20 ደቂቃ አጫውተው፣ ገመድ አጓትተው፣ ይሩጥ። ሲያበቃ ተቀመጥ፣ አታናግረው፣ አትንካው፣ ሰዓትህን እይ። አንዳንዱ ትንሽ ይዞርና ውኃ ጠጥቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይተኛል። አተኛኘቱን ልብ በል፦ ሁለቱ የኋላ እግሮቹ በአንድ ጎን ተዘርግተው ዳሌው መሬት ላይ ከወደቀ፣ አገጩም መሬት ከነካ፣ በእርግጥ አርፏል። የኋላ እግሮቹን ከሥሩ አጥፎ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ከተኛ ለመነሳት ተዘጋጅቶ ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላም እየዞረ የሚያለከልክ፣ አሻንጉሊቱን ደጋግሞ እግርህ ላይ የሚጥል ከሆነ አፓርታማ ውስጥም እንደዚያው ነው።

ቀጥሎ ቁልፍህን መሬት ላይ ጣል። መደንገጡ ምንም አይደለም፤ የሚታየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተመልሶ ቁልፉን ካሸተተ የሊፍትና የጎረቤት በር ድምፅ ይለምዳል። ጥግ ገብቶ ከቀረ ወይም መጮህ ካላቆመ ኮሪደር ያለበት ሕንፃ ይከብደዋል። ውሻው ባለቤት ከሌላቸው ውሾች ማደሪያ ማዕከል ከሆነ በተለያየ ሰዓት ሁለት ጊዜ እየው፣ ከገባ ስንት ጊዜ እንደሆነውም ጠይቅ። አዲስ የገባ ውሻ ፈርቶ ድምፁን ሲያጠፋ የተረጋጋ ይመስላል፤ እውነተኛ ጠባዩ የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ከመውሰድህ በፊት ሐኪም ዳሌውን፣ ትንሽ ውሻ ከሆነ ደግሞ የጉልበት ሎሚውን ይይልህ፤ እየሮጠ አልፎ አልፎ አንድ የኋላ እግሩን አንስቶ የሚዘል ውሻ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው። የኪራይ ውልህንም አንብብ፤ የክብደት ወይም የዝርያ ገደብ ያላቸው ሕንፃዎች አሉ።

አሁን ስለ 8 ሰዓቱ። ጎልማሳ ውሻ በቀን አራት ጊዜ ያህል መውጣት አለበት፦ ጠዋት ሩጫው፣ እኩለ ቀን 20 ደቂቃ፣ ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ ከመተኛትህ በፊት ለሽንት። የእኩለ ቀኑን የሚያወጣልህ ሰው ከሌለ ውሻውን አሁን አታምጣ። ይህን ስል ላስከፋህ አይደለም፤ 8 ሰዓት ሽንት መያዝ በየቀኑ ሲሆን ሥቃይ ነው፣ ንቁ ውሻ ደግሞ መሰላቸቱን በርህ ላይና ሶፋህ ላይ ያወጣዋል።

ሩጫውን በመጀመሪያው ቀን 5 ኪሎ ሜትር አታድርገው። ሁለት ሳምንት ፈጣን እርምጃ፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን 1 ኪሎ ሜትር፣ በየሳምንቱ 500 ሜትር እየጨመርክ ስትሄድ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ትደርሳለህ። የውሻው ሳንባ ቶሎ ይለምዳል፤ የሚዘገዩት የመዳፉ ቆዳና ጅማቱ ናቸው። አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ በሚታሰር፣ ትከሻውን በማይዘጋ ማሰሪያ አስሩጠው። ምግቡን ከሩጫ በኋላ፣ ትንፋሹ ሲረጋጋ ስጠው፤ ደረተ ጥልቅ ውሾች ጠግበው ሲሮጡ ሆዳቸው ተነፍቶ የመጠማዘዝ አደጋ አለው። አስፋልቱ ላይ የእጅህን ጀርባ ለ7 ሰከንድ ማቆየት ካልቻልክ ለእሱም ይፋጃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ውሻው ቤት ሲረብሽ ሩጫ ሲጨምርለት ነው። በየቀኑ ኳስ ለአንድ ሰዓት የሚወረወርለት ውሻ ከወር በኋላ የበለጠ ብርቱ፣ የበለጠ የሚቀበጠበጥ ይሆናል፤ በድንገት እየቆመና እየታጠፈ ስለሚሮጥም የጉልበቱ ጅማት ይጎዳል። ማታ ማታ ሩጫውን ተውና አፍንጫውን አሠራው። ከ3 እስከ 5 ሜትር በሚረዝም ገመድ ይዘኸው ለ30 ደቂቃ ውጣ፣ እሱ በፈለገው ቦታ ይቁም፣ እስኪጠግብ ያሽትት። ከእራቱ ግማሹን በሳህን ፈንታ ቤት ውስጥ ደብቀህ እንዲፈልገው አድርግ፦ መጀመሪያ እሱ እያየህ ከወንበር ሥር፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ክፍል ውስጥ። ሌላውን ግማሽ ባዶ የጎማ አሻንጉሊት ውስጥ ጠቅጥቀህ በረዶ አድርገውና ከቤት ስትወጣ ስጠው። መላስና ማኘክ ውሻን ያረጋጋል፤ 10 ደቂቃ ምግብ ፍለጋም አእምሮውን አሠርቶ እንዲያርፍ ይረዳዋል።

ብቻውን መቆየትን ከመጀመሪያው ቀን አስለምደው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ስትወስድ ውሻውን አምጣ። በሩን ዘግተህ ለ5 ሰከንድ ውጣና ተመለስ፤ ከዚያ 20 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ። ስልክህን ቤት ትተህ ቅረጸው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው የሚከብደው፤ ከእሱ በኋላ በትልልቅ ደረጃ መጨመር ትችላለህ። በሩን መቧጠጥ፣ ምራቅ መዝረክረክ፣ ያስቀመጥክለትን ምግብ አለመንካት ካየህ ፈጥነህበታል፤ ወደ ነበረበት ደቂቃ ተመለስ። ተመልሰህ መቆጣት ጭንቀቱን ያባብሰዋል እንጂ አያስተውም።

የቤቱ ዝግጅት ቀላል ነው። መኝታውን ከመግቢያው በር አርቀህ አድርግ። የኮሪደር ድምፅ ሲሰማ፣ ገና ሳይጮህ፣ ትንሽ ቁራሽ ምግብ መሬት ላይ ጣልለት፤ ከቀናት በኋላ ድምፁን ሲሰማ በሩን ትቶ ወደ አንተ ይመለከታል። በሚያዳልጥ ወለል ላይ ምንጣፍ ዘርጋ፣ ጥፍሩን በየ3 ሳምንቱ ቁረጥ፤ መገጣጠሚያውንም ትጠብቃለህ፣ ከታች ያለው ጎረቤትህም ቲክ ቲክ ሲል አያድርም። የበረንዳው ፍርግርግ ጭንቅላቱን የሚያሳልፍ ከሆነ በመረብ ዝጋው፣ ብቻውንም እዚያ አትተወው። ሊፍት ውስጥ ከእግርህ አስጠግተህ ገመዱን አሳጥረህ ያዝ፤ ገመዱ ሙሉ በሙሉ መግባቱን ሳታይ በሩ እንዲዘጋ አትፍቀድ። ራሱን የሚጠቀልል ረጅም ገመድ ለሊፍት ፈጽሞ አይሆንም፤ ውሻው በአንድ ወገን፣ አንተ በሌላው ቀርታችሁ ሊፍቱ ከተነሳ ውሻውን ያንቀዋል።

የእኩለ ቀኑን ሰው ካገኘህና ያየኸው ውሻ ካለ ዕድሜውን፣ ክብደቱንና ከጨዋታ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደተኛ ጻፍልን፤ አብረን እናየዋለን።