ጥያቄና መልስ፦ የክፍል ጓደኛ ልጅን ምን ያህል ይለውጣል?

ጥያቄ፦ ልጄን ወደ «ጎበዞች» ሴክሽን እንዲያዛውሩልኝ ርዕሰ መምህሩን ልጠይቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ እዚያ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ጥርት ያለው ማስረጃ የምዕራብ ኬንያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ 121 ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍልን ለሁለት እንዲከፍሉ ተጨማሪ መምህር ተቀጠረላቸው። ግማሾቹ ልጆቹን በዕጣ ደባለቁ፣ ግማሾቹ በውጤት ለዩ። ከ18 ወር በኋላ በውጤት የለዩት በለጡ፤ ደከም ያሉት ልጆች ሳይቀሩ ተጠቀሙ። መምህር በተደባለቀ ክፍል ውስጥ ፊተኞቹን እያየ ነው የሚያስተምረው፤ አቅማቸው የተቀራረበ ሲሆን ግን ካሉበት ይነሳል። በዕጣ ከተደባለቁትም ጎበዝ ጓደኛ የደረሳቸው ተጠቅመዋል። ልብ ይበሉ፣ እዚያ መምህራኑም የተመደቡት በዕጣ ነው። ብርቱው መምህር ለ«ሀ»፣ ጀማሪው ለ«መ» ከተሰጠ ግን መለየቱ ደካሞቹን ሊጎዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ክፍል 60 ተማሪ አለኝ፤ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። በደረጃ ልለያቸው?

መልስ፦ ቀኑን ሙሉ አይለዩዋቸው። ለንባብና ለሒሳብ ብቻ፣ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ ጠርተው ሦስት አራት ደቂቃ ያስነብቡት፦ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽ፣ ታሪክ። የቆመበት ቦታ ምድቡ ነው። ፊደሉን ከገበታው ላይ በተርታ አይጠይቁ፤ ሀ ሁ ሂን በዜማ የሚያወርድ ልጅ «ሒ»ን ከ«ሔ» ላይለይ ይችላል። በትንንሽ ካርዶች ጽፈው ያደባልቁ። በየወሩ እንደገና ፈትነው ያሸጋሽጉ፤ ይህ ከተዘለለ ምድቡ የልጁ ቅጽል ስም ሆኖ ይቀራል። ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር በዚያው ሰዓት ቢተባበርዎ ምድቦቹን ይከፋፈላሉ፤ ብቻዎን ከሆኑ ከሦስት ምድብ በላይ አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድን ጎበዙን ልጅ አይጎዳውም?

መልስ፦ ማስረዳት አይጎዳውም። የሚበላሸው እሱ ሠርቶ ሌሎቹ ሲገለብጡ ነው። አስረጂው እርሳስ አይያዝ፤ ሰሌዳ ላይ የሚወጣውም በዕጣ ይሁን።

ጥያቄ፦ አንድ ረባሽ ልጅ ክፍሉን ሁሉ ያበላሻል?

መልስ፦ አዎ፣ ውጤት ይቀንሳል። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ በቤታቸው ጥቃት ያለባቸውን ልጆች የተከታተለ ጥናት ይህን አሳይቷል። ግን ቤተሰቡ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ካቀረበ በኋላ በሌሎች ተማሪዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀንሷል። ከማባረር በፊት ቤቱን ማየት ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ሴቶች ሲበዙስ?

መልስ፦ የእስራኤል ትምህርት ቤቶች ጥናት እንደሚለው ለወንዶቹም ይበጃል፤ ረብሻው ይቀንሳል፣ መምህሩም ያን ያህል አይደክምም።