ከወርቅ ማውጫው በታች ያለ ጉድጓድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከወርቅ ማውጫ በታች ባሉ መንደሮች የሚኖሩ አንባቢያን ስለ ውሃቸው ብዙ ጥያቄ ልከውልኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ዛሬ እመልሳለሁ።

የእጅ ፓምፓችን ውሃ ኩልል ያለ ነው፣ አይሸትም። አፍልተንም እንጠጣለን። ከዚህ ወዲያ ምን ያሰጋናል?

ኩልል ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። አርሴኒክ የተባለው ከዓለት ወደ ውሃ የሚገባ መርዝ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ይህን ያህል ጥቂት ነገር ምላስ አይለየውም። ማፍላት ደግሞ ጀርም ይገድላል እንጂ አርሴኒክንም ሆነ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ ክምችታቸው ከፍ ይላል። ማፍላቱን አይተዉ፤ ልጆችዎን ከተቅማጥ ያድናል። ከማዕድን ብክለት ያድናል ብለው ግን አይተማመኑበት።

ኩባንያው ውሃችንን አስመርምሮ «ከደረጃው አላለፈም» የሚል ወረቀት አሳየን። አምነን እንቀመጥ?

ወረቀቱን በእጅዎ ይያዙና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መቼ ተቀዳ? ከየት ተቀዳ? ከምን ጋር ተነጻጸረ?

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ወርቅ ያለበት ዓለት ብዙ ጊዜ አርሴኒክም አለበት፤ ስለዚህ አንድ ምንጭ ቁፋሮ ሳይጀመር በፊትም አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው ዶማ ከማረፉ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በጋውንም ክረምቱንም ይዞ የተለካ መነሻ ከሌለ፣ ገበሬው መጎዳቱን ማስረዳት፣ ኩባንያውም ንጹሕነቱን ማሳየት ያቅታቸዋል። በጉጂ ዞን የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የታገደው የአካባቢው ሕዝብ ስለ ጤናው አደባባይ ከወጣ በኋላ ነበር። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ የሚዳኘው የቆየ ልኬት ነው፤ ለእኔ መነሻ ሳይለካ ፈቃድ መስጠት በሕዝብ ጤና ላይ መፍረድ ነው።

ቦታውም እንደዚሁ ወሳኝ ነው። አንድ ጉድጓድ ብቻውን ምንም አይናገርም። የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ማውጫው ከሚመጣበት ወገን አንድ፣ ወርቁ ከወጣ በኋላ የቀረው ጭቃ ከሚከማችበት የዝቃጭ ግድብ አልፎ ወደ መንደሩ ከሚሄድበት ወገን ደግሞ በተለያየ ጥልቀት የተቆፈሩ ሌሎች የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። ወንዙም ከማውጫው በላይና በታች ይለካል። የከርሰ ምድር ውሃ በአንዳንድ ቦታ በዓመት ጥቂት ሜትር ብቻ ይጓዛል፤ በተሰነጣጠቀ ዓለት ውስጥ ግን ይሮጣል። ስለዚህ የዘንድሮ ደህና ውጤት ለሚመጡት ዓመታት ዋስ አይሆንም።

እኛው በሃይላንድ ቀድተን ወደ ከተማ ላብራቶሪ ብንልክስ?

ሐሳቡ መልካም ነው፣ አቀዳዱ ግን ሥርዓት አለው። ጠርሙሱን ከላብራቶሪው ይቀበሉ። እንደ እርሳስ ያለ ማንኛውም ብረት የሚመረመርበት ናሙና ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል። ወርቅን ከዓለት ለማሟሟት ለሚያገለግለው መርዝ፣ ለሳያናይድ፣ ተቃራኒው ነው፦ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመርበታል፤ አሲድ ከነካው መርዛማ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለባለሙያ ይተዉት። ሁሉም በበረዶ ሳጥን ይጓዛል። በቱቦው ውስጥ የቆመው ውሃ ተስቦ ሳይወጣ አይቀዳም፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው እዚያው ይጻፋል።

አንድ ጊዜ ሦስት ቀን በፀሐይ የተጓዘ ናሙና ደርሶኝ መጣል ግድ ሆነብኝ። ያን ውሃ የቀዳችው ልጅ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሳያናይድ ነው ወይስ ሜርኩሪ የበለጠ የሚያስፈራው?

ጉዳታቸው ይለያያል። ሳያናይድ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ በፍጥነት ይገድላል፣ በፀሐይና በአየር ግን ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2000 በሮማኒያ ባያ ማሬ ከተማ አጠገብ የወርቅ ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 100,000 ሜትር ኩብ ገደማ ሳያናይድ ያለበት ውሃ ሲፈስ፣ እስከ ቲሳና ዳኑብ ወንዞች ድረስ ዓሣው አለቀ። ሜርኩሪ ባህላዊ ወርቅ አውጪዎች ወርቁን ለመለየት የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ብረት ነው፤ አይፈርስም። በወንዙ ደለል ውስጥ መልኩን ቀይሮ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል፤ ውሃውን ብቻ ለክቶ «የለም» ማለት አይበቃም፣ ደለሉና ዓሣውም ይመርመር።

የሚረሳው ሦስተኛው፣ አሲዳማ ውሃ ነው። ፓይራይት የተባለ ብረትና ድኝ ያለው ማዕድን የያዘ ዓለት ተፈልፍሎ አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፤ ማውጫው ከተዘጋ ከአሥርት ዓመታት በኋላም አያቆምም። ከጆሃንስበርግ በስተምዕራብ ራንድፎንቴን ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 ከተተዉ የወርቅ ጉድጓዶች እንዲህ ያለ ውሃ ገንፍሎ ወጥቷል። ብዙ ጊዜ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከመውረዱ በፊት ከዚህ አሲድ የሚመጣው ሰልፌት ይጨምራል፤ ሪፖርት ሲያዩ መጀመሪያ የሰልፌቱን መስመር ይፈልጉ።

መንደራችን በራሱ አቅም ምን ያድርግ?

ፒኤችንና ኮንዳክቲቪቲን (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን፤ የሟሟ ነገር ሲበዛ ይጨምራል) የሚለካ የእጅ መሣሪያ ይግዙ፤ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህር ይያዘው። በየወሩ፣ ከዚያው ጉድጓድና ከዚያው የወንዝ ዳር፣ ቁጥሩ በደብተር ይጻፍ። መሣሪያው አርሴኒክን አያሳይም፤ ለውጥን ግን ያሳያል። ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ፣ ዓሣ ሞቶ ከተንሳፈፈ ወይም ከብት ውሃውን እምቢ ካለ መቅዳቱን አቁመው ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ ደብተሩ ውስጥ ያስቀምጡ።