ኤክሰርሳይዝ ፊዚዮሎጂና ኒውትሪሽን ማስተርስ ለጠየቅከው ወንድሜ

"ስፖርት ሳይንስ ጨርሻለሁ፣ አሜሪካ ኤክሰርሳይዝ ፊዚዮሎጂና ኒውትሪሽን ብማር ይከብደኛል ወይ፣ ስጨርስስ ዳይቲሽያን (የተመሰከረለት የአመጋገብ ባለሙያ) ሆኜ እሰራለሁ ወይ" ነው ያልከው አይደል፣ እኔ እሱኑ ተምሬ ስለጨረስኩ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ከሁለተኛው ልጀምር እኔን ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ። አትሆንም። ዲግሪው ላይ ኒውትሪሽን የሚል ስም ስላለ ብቻ ማንም ዳይቲሽያን አይልህም፣ እዚህ አሜሪካ ኤሴንድ (የዳይቲሽያን ትምህርት ፕሮግራሞችን የሚመዝነው አካል) እውቅና የሰጠው ፕሮግራም መማር አለብህ፣ ቢያንስ 1000 ሰዓት ተግባር ልምምድ አለ፣ ከዛ ፈተና፣ ከ2024 (በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ደግሞ ማስተርስም ግዴታ ሆኗል። እኔ ይሄን የሰማሁት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ነው 😅 አድሚሽን ያነጋገረችኝ ሴትዮ "ብዙ በር ይከፍትልሃል" ብላኝ ነበር፣ የትኛውን በር ብዬ አለመጠየቄ።

ክብደቱ ባዮኬሚስትሪ ላይ ነው። ሌላው ይገፋል። ላቦራቶሪውማ ደስ ይላል፣ የሚፈተነው ሰውዬ ግን አንተው ነህ፣ ዊንጌት የሚባል የ30 ሰከንድ የሳይክል ቴስት አለ፣ 30 ሰከንድ ምን አላት ብዬ ወጥቼ ስወርድ ቆሻሻ ቅርጫቱን አቅፌ ተገኘሁ። ቪኦቱ ማክስ (ሰውነት በከባድ እንቅስቃሴ ሊጠቀም የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን) ስንለካ ደግሞ ማስኩን አፍንጫው ጋ በደንብ ሳላጠብቀው ቀርቼ አየር ሲያመልጥ የጎበዝ ሯጭ ውጤት የቢሮ ሰራተኛ መስሎ ወጣ፣ በሳምንቱ እንደገና ስናስሮጠው ሰላም እንኳን አላለኝም።

ቴሲሴ (የመመረቂያ ጥናቴ) የሀበሻ ሯጮች አመጋገብ ላይ ነበር። የኛ ሯጮች ላይ በ2011 (ይሄም በነሱ አቆጣጠር) የወጣ ጥናት ከሚበሉት ካሎሪ 64 በመቶ አካባቢው ካርቦሃይድሬት ነው ይላል፣ እኔም እንደዛ በግራም ላወጣ ስል ሰዉ ፎርሙ ላይ "አንድ እንጀራ በሽሮ" ብሎ ይጽፍልሃል፣ የማን እንጀራ? ከሁለት ሱቅ ገዝቼ ሚዛን ላይ ባስቀምጥ አንዱ 280 ግራም ሌላው ከ400 በላይ፣ ከዛ በኋላ ቤታቸው ድረስ ሚዛን ይዤ መዞር ሆነ ስራዬ።

ገንዘቡን በተመለከተ አሲስታንትሺፕ ካላገኘህ ባትሞክረው ይሻላል፣ በሳምንት 20 ሰዓት ላቦራቶሪ ወይ ክላስ ታግዛለህ፣ እነሱ ትምህርቱን ይከፍሉልሃል፣ ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት ለፕሮፌሰሩ ራሱ ጻፍለት። ኬሚስትሪውን እዛው ሀገር ቤት እያለህ ውሰድ፣ እኔ እዚህ በሰመር ከኪሴ ከፍዬ ነው የወሰድኩት። ለመሆኑ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ወስደሃል? እሱን ንገረኝና የቀረውን እንቀጥላለን።